አንገቴን ያዘኝ

(መሐል ሜዳ ላይ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር፤ ለኅትመት እንዲመች ተስተካክሎ የወጣ)

በዚህ ውርጭ ጋቢያችሁን ተከናንባችሁ፣ ከሞላሌም ከራቤልም ተነሥታችሁ ስለ አንገትና ስለ ትከሻ ለመስማት መምጣታችሁን ሳይ፣ ሕመሙ ስንቱን ቤት እንደሚያውቀው ገባኝ። የጀማን ገደል ተሻግረው ከመርሐቤቴ የመጡ እንግዶችም አሉን።

ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው። በሽተኛ የምረዳው በመድኃኒት ሳይሆን በእጄና በእንቅስቃሴ ነው። ይህን ሥራ መጀመሪያ ያየሁት ግን ትምህርት ቤት አይደለም። አያቴ ግሼ ውስጥ በእጇ የታወቀች ሴት ነበረች። ወጌሻ አልነበረችም፤ የተሰበረ አጥንት አትነካም፣ ውልቃት አትመልስም። ነገር ግን አንገቱ አልዞር ያለው፣ ትከሻው እንደ ድንጋይ የከበደው ሁሉ ወደ ደጇ ይመጣል። ምድጃው ዳር ታስቀምጠዋለች፤ ቅቤውን በመዳፎቿ መሐል ታቀልጠዋለች፤ ከዚያ አንድም ቃል ሳትናገር እጇን ማጅራቱ ላይ ታሳርፋለች። እኔ ኩራዝ እይዝላት ነበር። ሰውየው ሲገባ ጆሮው ሥር የነበረው ትከሻ ሲወጣ ወርዷል። ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የሰውነት አሠራር ስማር፣ የአያቴን የእጅ መንገድ መጽሐፉ ላይ በተሳለው ጡንቻ ላይ አገኘሁት። ለሕመሙ ትሰጠው የነበረውን ምክንያት ግን አላገኘሁትም።

ዛሬ የምናገረው በእጇ መንገድና በምክንያቷ መካከል ስላለው ነገር ነው። መጀመሪያ በእኛ ደጋ አንገትና ትከሻ ለምን እንደሚያዝ አነሣለሁ። ቀጥሎ ማሸት ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ እናያለን። ሦስተኛው እጅ ሊነካው ስለማይገባ አንገት ነው። መጨረሻ ላይ ስለ ሸክሙ ራሱ እናገራለሁ፤ ዋናው ጉዳዬም እርሱ ነው።

ከቃላችን ልጀምር። እኛ ማጅራታችን ሲደርቅ «አንገቴን ያዘኝ» እንላለን፤ አንዳች ነገር ከኋላ መጥቶ የጨበጠን ይመስል። «ብርድ መታኝ» እንላለን። «ጅማቴ ዞረ» እንላለን። እነዚህ ቃላት እያንዳንዳቸው ምርመራም ናቸው፤ የሕመሙን ምክንያት ይናገራሉ። ስለዚህ በንቀት ልናልፋቸው አይገባም። መርምረን እውነቱን ከስሕተቱ መለየት ነው ያለብን።

ብርዱን እንውሰድ። የመንዙ የጓሳ ሣር ምድር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይጀምራል፤ እዚያ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ያደረ እረኛ ብርድ ምን እንደሆነ ከእኔ መስማት አያስፈልገውም። ብርድ ጡንቻ ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ ነገር አይደለም፤ ይህን ያህሉን አባባል መተው እንችላለን። ነገር ግን ሰው ሲበርደው ምን ያደርጋል? ትከሻውን ወደ ጆሮው ይስባል፤ አገጩን ይሰበስባል፤ ክንዶቹን ደረቱ ላይ ያጥፋል። በዚህ አኳኋን አራት ሰዓት፣ አምስት ሰዓት ይቀመጣል፤ እንደዚያው ተኮማትሮም ይተኛል። ትከሻን ወደ ላይ የያዙት ጡንቻዎች ሌሊቱን ሁሉ ዘብ ቆመው ያድራሉ። ስለዚህ «ብርድ መታኝ» ያለ ሰው ከሞላ ጎደል ልክ ነው። የመታው ግን ብርዱን ለመከላከል ሲኮማተር ያደረበት አኳኋን ነው።

አሁን ወደ አካሉ እንግባ። የአዋቂ ሰው ራስ ከ4 ኪሎ ተኩል እስከ 5 ኪሎ ይመዝናል። ይህን ክብደት ሰባት ትናንሽ የአከርካሪ አጥንቶች ተሸክመውታል። ራስ ቀጥ ብሎ በላያቸው ሲቀመጥ ጡንቻው ብዙ አይለፋም። ወደ ፊት ሲያዘነብል ግን፣ እንዳይወድቅ ከኋላ ሆነው የሚጎትቱት ጡንቻዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 ኬኔት ሀንስራጅ የተባሉ አሜሪካዊ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ይህን በስሌት አሳይተው ነበር፤ ራስ 15 ዲግሪ ሲያጎነብስ አንገት ላይ የሚያርፈው ጫና 12 ኪሎ ገደማ፣ 30 ዲግሪ ሲሆን 18 ኪሎ፣ 60 ዲግሪ ሲደርስ 27 ኪሎ ይሆናል። የእርሳቸው ስሌት ስልክ ስለሚያዩ ሰዎች ነበር። ተማሪዎች ሆይ፣ ይህ ይመለከታችኋል። ነገር ግን ስልክ ሳይፈጠር ብራና ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ሲጽፍ የኖረ ቁም ጸሐፊ፣ ባና ሲሸምን የሚውል የመንዝ ሸማኔ፣ ማጭድ ይዞ ገብስ ሲያጭድ የሚውል ገበሬ ይህን ቁልቁለት ያውቀዋል።

ከሚለፉት ጡንቻዎች ትልቁ ትራፒዚየስ ይባላል። ከራስ ቅል ሥር ተነሥቶ በማጅራት ይወርዳል፤ ወደ ሁለቱም ትከሻ ይዘረጋል፤ ከዚያ እስከ ጀርባ አጋማሽ ድረስ እየጠበበ ይሄዳል። ካባ እንደ ደረብን ሆኖ ነው የተቀመጠው። የጥንት የአውሮፓ ሐኪሞች በመነኩሴ ቆብ ስም ይጠሩት ነበር፤ ቆብ ለምናውቅ ለእኛ ይህ ስም ሳይቀርበን አይቀርም። ከሥሩ ደግሞ ትንሽ ጡንቻ አለ፤ ከላይኞቹ አራት የአንገት አጥንቶች ተነሥቶ የትከሻ ሰሌዳ የላይኛው ማዕዘን ላይ ይታሰራል። ሥራው ትከሻን ማንሣት ነው። አሁን ቀኝ እጃችሁን በግራ ትከሻችሁ ላይ አሳርፉና ጣታችሁን ወደ ጀርባ ዝቅ አድርጉ። አዎ፣ እዚያ። ሁላችሁም ፊታችሁን አጨማደዳችሁ። አያቴ አውራ ጣቷን የምታሳርፈው እዚያው ላይ ነበር።

ጡንቻ መኮማተር ሥራው ነው፤ ችግሩ ሳይፈታ መቆየቱ ነው። ኮምተር ፈታ፣ ኮምተር ፈታ ሲል ደም እንደ ልብ ይመላለሳል። ሳይፈታ ሲቆይ በውስጡ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጫናቸዋል፤ ምግብና አየር ያንሰዋል፤ ቆሻሻውም ቶሎ አይወጣለትም። ጎራን ሄግ የተባሉ ስዊድናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ስለዚህ አንድ መላ ምት አቅርበዋል። በአንድ ጡንቻ ውስጥ ካሉት ክሮች ትናንሾቹ ለማንኛውም ቀላል ሥራ ቀድመው ይነሣሉ፤ ትልልቆቹ መጥተው ቢሄዱም እነርሱ ሥራው እስኪያልቅ አያርፉም። ስለዚህ ሥራው ቀላል ቢሆንም እንኳ፣ ፋታ ከሌለው የሚጎዱት እነዚያው ናቸው። ተመራማሪው ክሮቹን የሰየሟቸው ከሁሉ በፊት ተነሥታ ከሁሉ በኋላ በምትተኛ በአንዲት የአውሮፓ ተረት ልጃገረድ ስም ነው። እኔ ይህን ባነበብሁ ጊዜ ተረት አላስፈለገኝም። እናቴ ትዝ አለችኝ። ዶሮ ሳይጮህ ተነሥታ እሳት የምታያይዝ፣ ሁሉ ከተኛ በኋላ እንዝርቷን የምታስቀምጥ ሴት በእያንዳንዳችን ቤት አለች።

እንግዲህ ስለዚያች ሴት ትከሻ እንነጋገር። አንድ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል፤ 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው። እንስራ ሲሆን የሸክላው ክብደት ይጨመራል። በገመድ ጀርባዋ ላይ ታስራለች፤ ገመዱ በትከሻዋና በደረቷ ላይ ያልፋል። ሸክሙ ወደ ኋላ እንዳይጥላት ወገቧን ወደ ፊት ታጎነብሳለች። ነገር ግን መንገዱ ድንጋያማ ነው፤ ዳገት ነው፤ ማየት አለባት። ስለዚህ ደረቷ መሬት እያየ ዓይኗ ወደ ላይ ይቀናል። ማጅራቷ ተቆልምሞ፣ ከራስ ቅሏ ሥር ያሉት ጡንቻዎች እንደተኮማተሩ ወንዝ ወርዳ ትመለሳለች። ብዙ ጊዜ ከደረቷ በታች በእጇ የያዘችው ሌላ ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜም ቤት ስትደርስ አንቀልባ የሚጠብቅ ሕፃን አለ። ከጓሳ ሣር አጭዳ ተሸክማ የምትመለሰውም፣ ከጀማ ሸለቆ እንጨት ይዛ ወደ መርሐቤቴ አምባ የምትወጣውም አቋቋማቸው ያው ነው። ወደ እኔ የሚመጡ እናቶች ሕመማቸውን ሲያሳዩኝ ገመዱ ያለፈበትን መስመር በጣታቸው ይከተላሉ።

የወንዱም ትከሻ አላረፈም። ሞፈርና ቀንበሩን ጠዋት ተሸክሞ ይወርዳል፤ ማታ ተሸክሞ ይመለሳል። በመሐል በአንድ እጁ እርፍ ተጭኖ በአንዱ ጅራፍ አንሥቶ ሲዞር ይውላል። የአንዱ ጎን ትከሻ ቁልቁል፣ የሌላው ሽቅብ። እርሻ በሚበዛበት ወር ወደ እኔ የሚመጣ ገበሬ ሁለቱ ትከሻዎቹ እኩል የሆኑበትን ቀን አላስታውስም።

ከሸክምና ከብርድ ሌላ አንድ ምክንያት አለ፤ ስለ እርሱ ለመናገር ድምፄን ዝቅ ማድረግ እፈልጋለሁ። ሰው ሲደነግጥ መጀመሪያ የሚነሣው ትከሻው ነው፤ አንገቱን ወደ ውስጥ ይሰበስባል፤ ሊመታው ከሚመጣ ነገር ጉሮሮውን ይሸሽጋል። ይህ አብሮን የተፈጠረ ነው። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሰሜን ሸዋ በደረሰ ጊዜ ብዙዎቻችሁ ምን እንዳያችሁ እናንተ ታውቃላችሁ። ከዚያ ወዲህም እንቅልፍ አልጠገበም ይህ አገር። ተኩስ የሰማ ትከሻ ተኩሱ ካቆመ በኋላም አይወርድም። ከዚያ ወዲህ ወደ እኔ ከሚመጡት ሕሙማን ብዙዎቹ የወደቁበትም የተመቱበትም የለም፤ አንገታቸው የደረቀው አንድ ጆሯቸው ሁልጊዜ በር ላይ ስለሆነ ነው። ይህን የምናገረው ሕመማቸው የሐሳብ ብቻ ነው ለማለት አይደለም። ጡንቻው በእውነት ተኮማትሯል፤ በእጄ ዳስሼዋለሁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነገር እንለፍ፤ ማሸት ምን ያደርጋል?

«ጅማቱ ዞሯል፣ ልመልሰው» ይባላል። አያቴም እንዲሁ ትል ነበር። አውራ ጣት የትከሻ ሰሌዳውን ማዕዘን ሲያሽ ከሥሩ አንድ ገመድ የመሰለ ነገር ቅርጥ ብሎ ያልፋል፤ ታሺውም ይሰማዋል፣ አሺውም ይሰማዋል፤ «ያው ተመለሰ» ይባላል። ያለፈው ግን ቅድም ያልሁት ትንሹ ትከሻ አንሺ ጡንቻ ነው፤ ተኮማትሮ ስለጠነከረ አጥንቱ ላይ ሲንከባለል ይታወቃል። አልዞረም፤ አልተመለሰምም። ነገ ብትዳስሱት እዚያው ነው። በጡንቻ ውስጥ ስለሚገኘው «ቋጠሮ»ም እንዲሁ ነው። የፕሬዝዳንት ኬኔዲ ሐኪም የነበሩት ጃኔት ትራቬል ስለነዚህ ነጥቦች ሰፊ መጽሐፍ ጽፈዋል፤ ሲጫኑት ሕመሙን ራቅ ወዳለ ቦታ፣ ከትከሻ ወደ ግንባር ድረስ የሚልክ ነጥብ እንዳለ አሳይተዋል። ነጥቡ ምን እንደሆነ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ሕመሙ ግን እውነት ነው፤ በእጅ ሲያዝ መቅለሉም እውነት ነው።

ታዲያ ጅማት ካልተመለሰ ለምን ይቀላል? እንቅፋት የመታው ልጅ ምን እንደሚያደርግ አስታውሱ። ጣቱን ይይዝና ያሸዋል። ማንም አላስተማረውም። እ.ኤ.አ. በ1965 ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ለዚህ ማብራሪያ ሰጡ። የሕመም መልእክት ወደ አንጎል የሚሄደው በአከርካሪ ውስጥ ባለ በር አልፎ ነው፤ የመዳሰስና የመጫን መልእክትም በዚያው በር ያልፋል። ዳሰሳው ሲበዛ ለሕመሙ በሩ ይጠብበታል። የአያቴ እጅ በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ ነበር ማለት ነው። በዚያ ላይ ሙቀቱ አለ፤ ምድጃው አለ፤ የሚታመን ሰው እጅ ማጅራት ላይ ማረፉ ራሱ ለነርቭ «አሁን አደጋ የለም» ይለዋል። ትከሻ ይወርዳል።

ይህ ምን ያህል ይሠራል? እውነቱን ልንገራችሁ፤ ይሠራል፣ ግን ብዙ አይቆይም። አሜሪካ ውስጥ ካረን ሸርማንና ባልደረቦቿ አንገታቸውን ለረጅም ጊዜ ያመማቸውን 228 ሰዎች በተለያየ መጠን አሳሽተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2014 አውጥተዋል። በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ አንድ አንድ ሰዓት የታሹት በግልጽ ተሻላቸው። ግማሽ ግማሽ ሰዓት የታሹት ግን ምንም ሳይታሹ ተራ ከጠበቁት ብዙም አልተለዩም። ይህ ጥናት አያቴ ለምን እንደማትቸኩል ነገረኝ። ከዚህ ሌላ የተደረጉ ጥናቶች ሲጠራቀሙ ማስረጃው ጠንካራ አይደለም፤ ማሸት ብቻውን ለወራት የሚቆይ ፈውስ ያመጣል የሚል ሰው ካለ ከማስረጃው በላይ እየተናገረ ነው። እኔ ለሕሙማኔ የምለው እንዲህ ነው፦ ከታሻችሁ በኋላ ያሉት ጥቂት ሰዓታት ወርቅ ናቸው። አንገቱ ቀልሎታል፤ መዞር አይፈራም። በዚያ ጊዜ ካንቀሳቀሳችሁት፣ እንቅስቃሴው አንገቱ ያገኘውን ቅለት ያቆይለታል። ታሽታችሁ ብትተኙ ግን ነገ ወደ ቦታው ይመለሳል።

እንግዲህ አስተሻሸቱን በአጭሩ ላሳያችሁ፤ ባል ለሚስቱ፣ ልጅ ለእናቱ ሊያደርገው የሚችል ነው። ታሺው ዝቅ ባለ በርጩማ ይቀመጥ፤ ፊት ለፊቱ ጠረጴዛ ወይም መደብ ላይ ትራስ ተደርጎ ግንባሩን ያሳርፍ። ራስ ካላረፈ አንገት አይፈታም። ክፍሉ ይሙቅ። ቅቤም ይሁን የኑግ ዘይት ጥቂት ብቻ በመዳፍ ይሙቅ፤ ቅባቱ እጅ እንዲንሸራተት ነው እንጂ ቆዳ ሰርስሮ የሚገባ መድኃኒት አይደለም። መጀመሪያ እጃችሁን አሳርፉና ጥቂት ጊዜ ዝም በሉ። ከዚያ ከራስ ቅል ሥር ጀምራችሁ በማጅራት ግራና ቀኝ፣ ወደ ትከሻ ጫፍ በመዳፍ ረጋ ብላችሁ ሳቡ፤ ደጋግሙት። ጡንቻው ሲሞቅ በአንገትና በትከሻ መካከል ያለውን ሥጋ በአውራ ጣትና በአራቱ ጣቶች መካከል ያዙና ሊጥ እንደሚለወስ ለውሱት። የሚያምበት ነጥብ ሲገኝ አትፈትጉት፤ አውራ ጣታችሁን አሳርፉና ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ ያዙት፤ ሕመሙ ከጣታችሁ ሥር ሲላላ ይታወቃችኋል።

እዚህ ላይ አንድ ክፉ ልማድ ልቃወም። «ካላመመ አይድንም» ይባላል። ጎረምሳ ሁለት ጉልበቱን ጀርባ ላይ ተክሎ ሲፈትግ፣ ታሺው ጥርሱን ነክሶ ሲያቃስት አይቻለሁ። ይህ ስሕተት ነው። የሚያም ነገር ሲመጣ ጡንቻ ምን ያደርጋል? ይኮማተራል። ልንፈታው የመጣነውን በገዛ እጃችን እናጠብቀዋለን ማለት ነው። ጥሩ አስተሻሸት ታሺው «እሰይ፣ እዚያ ላይ» የሚልበት ነው። ትንፋሹን ከያዘ፣ ትከሻውን ከሸሸ፣ እጃችሁ በዝቷል።

ከዚያ በኋላ ይነሣ። ትከሻውን ወደ ጆሮው ከፍ አድርጎ ይልቀቅ፤ አሥር ጊዜ። አገጩን ወደ ግራ ትከሻ፣ ወደ ቀኝ ትከሻ ቀስ ብሎ ያዙር። የትከሻ ሰሌዳዎቹን ወደ ኋላ ያገናኝ። እናንተ ይህን በሌላ ስም ታውቁታላችሁ። እስክስታ የሚመታ ሰው ትከሻውን ያነሣል፣ ይጥላል፣ ያንቀጠቅጣል፤ የሸዋ ጨዋታ ሲሆን አንገቱም ይገባበታል። ለአንገትና ለትከሻ ይህን ያህል የተራቀቀ እንቅስቃሴ ያለው ሕዝብ ጥቂት ነው። ሠርግ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ሽማግሌዎች ሆይ፣ ጠዋት በምድጃ ዳር ቀስ ብላችሁ ብትሞክሩት ማንም አይስቅባችሁም፤ ቢስቅም ትከሻችሁ ይጠቀማል።

ሦስተኛው ነገር ላይ ደርሻለሁ፤ እባካችሁ እዚህ ላይ ልብ በሉ። እጅ ሊነካው የማይገባ አንገት አለ።

ከሁሉ በፊት ትኩሳት ያለበት ነው። ድንገት ትኩሳት ይዞት፣ ራሱን እየፈለጠው፣ እያስመለሰው፣ ብርሃን እየጠላ አንገቱ የደረቀበት ሰው «ብርድ መትቶት» አይደለም። ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል፤ ስሙ ራሱ ማጅራትን የሚገትር ነው ይለናል። አገራችን ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ናት። እርሱን በቅቤ ሲያሹ ያጠፉት ሰዓት ሕይወት ነው። ያን ቀን ቅቤ አይፈለግም፤ ቃሬዛ ነው የሚፈለገው። ለመርሐቤቴ ሰው ዓለም ከተማ እናት ሆስፒታል አለ፤ ለመንዝ ሰው እዚሁ መሐል ሜዳ ሆስፒታል አለ። በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ወዴት እንደምትሄዱ ይነግሯችኋል።

ከዛፍ፣ ከገደል፣ ከበቅሎ፣ ከመኪና የወደቀ ሰው አንገቱን ካመመው አይታሽም፣ አይዞርም፤ ራሱና ደረቱ እኩል ተደግፎ ይወሰድ። ከአንገቱ ወደ ክንዱ የሚወርድ መደንዘዝ ያለበት፣ ዕቃ ከእጁ የሚያመልጠው፣ ወይም እግሩ የከዳው ሰው ሐኪም ይየው። ለሳምንታት የቆየ ሕመም ከመክሳትና ከሌሊት ላብ ጋር ከመጣ የአከርካሪ ነቀርሳ (ቲቢ) ሊሆን ይችላል። ደረት ላይ ከመጫንና ከላብ ጋር ወደ ግራ ትከሻና ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም የልብ ሊሆን ይችላል፤ አይታሽም። አንገት ላይ ያበጠ ነገርም አይታሽም፤ እንቅርት ይሁን ዕጢ። እንቅርት በደጋችን አዲስ አይደለም፤ መነሻው በአብዛኛው የአዮዲን ማነስ ነው፣ መከላከያውም አዮዲን ያለበት ጨው ነው። ዕጢው ደግሞ የቲቢ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱ ጤና ጣቢያ አለ።

አንገትን በድንገት ጠምዝዞ «ቀጭ» ማድረግንም አጥብቄ እቃወማለሁ። ከተማ ውስጥ ጸጉር ከተቆረጠ በኋላ ይህን የሚያደርጉ አሉ። እኔም ተማሪ ሳለሁ አንድ ጸጉር አስተካካይ ሳይጠይቀኝ ጠምዝዞኝ ሁለት ሳምንት ራሴን ማዞር አልቻልሁም፤ እርሱ ደስ ያሰኘኝ መስሎት ነበር። ያን ጊዜ ያላወቅሁትን ዛሬ አውቃለሁ። ወደ አንጎል ደም ከሚወስዱት ሥሮች ሁለቱ የሚያልፉት በራሳቸው በአንገት አጥንቶች ውስጥ ባሉ ቀዳዳዎች ነው። ኃይለኛ ጥምዘዛ የሥሩን ግድግዳ ሊሰነጥቅ ይችላል፤ ከዚያ የሚመጣው በአንጎል ላይ የሚደርስ ድንገተኛ ጉዳት ነው። ብዙ ጊዜ አይሆንም። ሲሆን ግን አይመለስም። የአንገትን ፊትና ጎን፣ የደም ሥር የሚመታበትን ቦታም አትጫኑ። ማሸት ከኋላና ከትከሻ ላይ ነው።

ወጌሾቻችንን በዚህ ንግግር መውቀስ አልፈልግም። ሐኪም በሌለበት ዘመን ይህን ሕዝብ በእጃቸው ያቆሙ ሰዎች ናቸው፤ ዛሬም ቀድሞ የሚጠራው እነርሱ ናቸው። የተሰበረ እጅ አጥብቀው አስረው ደም የከለከሉት፣ ኋላ እጁ የተቆረጠ ልጅ ሐኪም ቤት ሁሉ ያውቀዋል፤ ይህ መደበቅ የለበትም። መፍትሔው ግን ማባረር አይመስለኝም። የትኛውን ይዘው የትኛውን እንደሚያሳልፉ ከጤና ጣቢያው ጋር ተቀምጠው ቢነጋገሩ፣ እኛም ከእነርሱ እጅ የምንማረው አለን። መለወስን የተማርሁት ከመምህር ነው፤ መታገሥን ግን ከአያቴ።

አሁን ቃል የገባሁት የመጨረሻው ነገር ቀርቷል፤ ሸክሙ።

ዕድሜያቸው የገፋ እናቶች ድንጋይ ወፍጮውን ያስታውሳሉ። ተንበርክከው መጁን ወደ ፊት እየገፉ ወደ ኋላ እየሳቡ፣ የሌሊቱን አጋማሽ ገብስ ሲፈጩ ያድሩ ነበር። የዚያን ጊዜ የሴት ትከሻ ምን እንደነበረ አያቴ ነግራኛለች፤ ከምታሻቸው ሴቶች አብዛኞቹ ሲፈጩ አድረው የመጡ ነበሩ። ኋላ የሞተር ወፍጮ መጣ። አያቴ ያኔ ያለችኝን አልረሳውም፤ ወፍጮ ቤቱ ከተከፈተ በኋላ ደጇ የሚመጡት ሴቶች አነሱ። እርሷ ለዓመታት ስታሽ የቆየችውን ሕመም አንድ ሞተር ከሥሩ ነቀለው። እኔ ከዚህ የሚበልጥ የሕክምና ትምህርት አላገኘሁም። እጅ ሕመሙን ያቀላል፤ ምክንያቱ ካልተነሣ ግን ነገም ለማሸት ተመልሰን እንመጣለን።

ዛሬ የቀረው መጅ ውሃው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 203 ሚሊዮን ሰው የአንገት ሕመም እንደነበረበት ተገምቷል፤ ከወንድ ይልቅ በሴት ላይ ይበዛል። የዓለሙ ምክንያት ብዙ ነው። የእኛ እናቶች ምክንያት ግን መንገድ ላይ ይታያል፤ ጀርባቸው ላይ ታስሯል። ምንጭ ማጎልበት፣ ቦኖ ማቅረብ የመንግሥትና የድርጅት ሥራ ነው እንላለን፤ ነውም፤ በየስብሰባው ጠይቁ። ምንጩ እስኪቀርብ ግን አህያ ያለው አህያውን ያሰማራ። ሃያ ሊትር በአንድ ጀርባ ከሚሄድ አሥር አሥር ሆኖ በሁለት ሰው ይሂድ። ገመዱ ትከሻ ላይ በሚያልፍበት ቦታ ሰፊ ጨርቅ ይታጠፍበት። መንገድ መሐል ሸክም ማሳረፊያ ከወገብ ከፍ ያለ የድንጋይ ካብ ይኑር፤ ሳይፈቱና ዳግመኛ ሳያነሡ ጡንቻ ፋታ እንዲያገኝ። አንድ ቀን የወጣቶች ሥራ ነው።

ወንድሞቼ፣ ለእናንተ ደግሞ ለብቻ የምለው አለኝ። የጓሳን ሣር «ቄሮ» በሚባለው የጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት ተስማምቶ የጠበቀ፣ መቼ ይከፈት መቼ ይዘጋ ብሎ የተማማለ ሕዝብ ውሃ ማን ይሸከም ብሎ መስማማት አያቅተውም። ውሃ መቅዳት የሴት ሥራ ነው የሚለውን ልማድ ማንም በሕግ አላወጣውም። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ጀሪካኑን ማን እንዳመጣው ጠይቁ። እጃችሁን ምድጃ ላይ አሙቁና የእናታችሁን፣ የሚስታችሁን ማጅራት ለአንድ ሰዓት ያዙ። ነገ ጠዋት ደግሞ ገመዱን ከእጇ ተቀበሉና ወንዝ እናንተ ውረዱ።